ሐረር ያየሁት ቤትና ከሰዓት በኋላ የምንሰጠው ድምፅ

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማህበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን "ሐረር ያየሽውን ንገሪን እንጂ ቁጥር እንዳታነቢልን" ብላ አስጠንቅቃኛለች። የሒሳብ ሠራተኛ መድረክ ላይ ስትወጣ ሰው ለምን እንደሚያዛጋ ስለማውቅ ቁጥሩን ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ። ጨርሼ ግን አልተወውም፤ የቆምኩበት ጉዳይ የገንዘብም ጉዳይ ነውና።

ለእንግዶቻችን ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ያረፉት አንጋፋ አባላችን ከሶዶ ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ ውስጥ ይኖሩበት የነበረ ትልቅ የሣር ቤት አለ። በወላይታ ደንብ የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ከጓሮው እንሰት፣ ከፊቱ ሰፊ የሣር ደጅ ያለው ቤት ነው። ልጆቻቸው አፍርሰው በቦታው የቆርቆሮ ቤት ሊሠሩ አስበው ነበር። ኋላ ግን "ማህበሩ ሙዚየም ሊያደርገው ከፈለገ አንነካውም፤ እኛ ከጎኑ እንሠራለን" አሉን። ይህን ስንሰማ ግማሾቻችን ደስ አለን። ግማሾቻችን ደግሞ "ወፍጮ የሌለው ማህበር አሮጌ ጎጆ ሊጠግን ነው እንዴ?" አሉ። ባለፈው ስብሰባ ድምፃችን እስከ መንገድ ድረስ ይሰማ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዚሁ ላይ ድምፅ እንሰጣለን።

እኔ በዚያው ሰሞን ለቁጠባና ብድር ሒሳብ ሥልጠና ወደ ድሬዳዋ የምሄድ ስለነበርኩ "እግረ መንገድሽን ሐረር ውጪና ሰው ቤቱን ሙዚየም ሲያደርግ ምን እንደሚመስል አይተሽ ነይ" ተባልኩ። ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ ብዙም አይርቅም። ዳገቱን ወጥተን ስንጨርስ አየሩ ሲቀዘቅዝ ዳሞታ ሥር የደረስኩ ነው የመሰለኝ።

ሐረር ስል በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ጀጎልን ማለቴ ነው። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የተሠራ ነው። ከተማው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔን ግን ከግንቡ ይልቅ የሳበኝ ከግንቡ ውስጥ ያሉት ቤቶች ናቸው። ሐረሪዎች ባህላዊ ቤታቸውን "ጌይ ጋር" ይሉታል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ግድግዳና አንድ የግቢ በር ብቻ ነው፤ ቤቱ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ነው። እንዲህ ካሉት ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ሙዚየም ናቸው፣ አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ፣ አብዛኞቹ ደግሞ ሰው ይኖርባቸዋል። እኔ ከየዓይነቱ ገብቼ አየሁ።

መጀመሪያ የገባሁት ሙዚየም ወደሆነው ነው። ጫማ አውልቄ ስገባ ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ በደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ መቀመጫ ሆኗል። መቀመጫዎቹ "ነደባ" ይባላሉ፣ አምስት ናቸው፣ ለእያንዳንዱም ሰው አለው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የትልልቅ ሰዎች ነው፤ በሩ በደንብ የሚታየው ከዚያ ነው። ጊድር ነደባ ሰፊው ነው፤ ቤተሰቡ የሚውልበት፣ እንግዳ የሚበዛበት። ሱትሪ የሚባለው ገባ ያለውና የተሸሸገው ነው። ከበሩ ጀርባም አንድ አለ፤ ጉዳይ ኖሮት የመጣ ሰው እስኪጠራ የሚቆይበት። ማንም ሳይናገር፣ ሰው ገብቶ በተቀመጠበት ቦታ ማንነቱ ይታወቃል ማለት ነው።

ነደባው በቀይ የተቀባ ነው። ቀዩ በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። የጨለንቆ ጦርነት በ1879 ዓ.ም. የሆነና ሐረር የራሷን አሚር ያጣችበት ነው። ይህን ስሰማ ወደ እኛ ቆጠርኩ። ካዎ ጦና የተማረኩትና የወላይታ መንግሥት የወደቀው በ1887 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለው ስምንት ዓመት ብቻ ነው። እነሱ ያንን በየቤታቸው መቀመጫ ላይ ቀብተው በየቀኑ ይቀመጡበታል። እኛ የቱ ላይ እንደጻፍነው እስካሁን እያሰብኩ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የቆየሁት እዚያ ፊት ነው። ከመቀመጫው በላይ ያለው ግድግዳ በሙሉ በሞሶብና በስፌት፣ በእንጨት ሳህን፣ ከውጭ በመጡ ባለቀለም የኢናሜል ሳህኖች የተሞላ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሄድ አደራደሩ በጣም እንደሚመሳሰል አየሁ። አንዲት ጎረቤት ለቡና ገብታ ቀና ስትል የጎደለ ነገር ካለ ወዲያው ታያለች። ለእኔ ይህ የንብረት መዝገብ ነው፤ በወረቀት ፋንታ በግድግዳ ላይ የተጻፈ፣ ኦዲተሯም ጎረቤት የሆነች መዝገብ። ፈገግ አትበሉ፤ እኛ በኮምፒውተር የያዝነው መዝገብ ይህን ያህል ብዙ ተቆጣጣሪ የለውም።

ስፌቱ የሴቶች ነው። ሴቷ ራሷ ትሰፋዋለች፣ ስታገባ ይዛው ትሄዳለች፣ ለሴት ልጇም ታስተምራለች። ድሮ የሰፈር ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ወስፌ አያያዝና ቀለም አነካከር ይማሩ ነበር። ያንን ቤት "ሞይ ጋር" ይሉታል፤ የሥራ ቤት ማለት ነው። ሙሽራዋ ከምትወስዳቸው ስፌቶች አንዱ ለባሏ እናት የሚሰጥ ነው። በሐረሪኛ ስፌቱ "ሞት" ይባላልና የእሱ ስም "ሐማት ሞት" ነው፤ የአማት ስፌት። በአማርኛ ስትሰሙት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ቤቱን የሚያስጎበኙት እናት እኔ ስስቅ "ልጄ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርስ ይስቃል" አሉኝ።

ከበሩ በላይ ተጠቅልለው የሚቀመጡ ምንጣፎች ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራሉ ይባላል። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተሸሽገው የሚያሳልፉባት ናት። ጠባብነቷን ሳይ ባልና ሚስት እዚያ ውስጥ ተጣልተው መሸሻ እንደሌላቸው አሰብኩ፤ ምናልባት የተፈለገውም ይሄው ይሆናል።

አሁን የምነግራችሁ ነገር በተለይ የእኛን ማህበር ይመለከታል። ሐረሪዎች "አፎቻ" የሚባል መረዳጃ አላቸው፤ እድር ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ሠርግንም ለቅሶንም ይሸፍናል። የወንዶች አፎቻ ለብቻ፣ የሴቶች አፎቻ ለብቻ ነው። ሠርግ ሲኖር የሴቶቹ አፎቻ ይመጣል፣ ያበስላል፣ ይዘምራል፣ ያዋጣል። ሰው ሲሞትም እንዲሁ። ያ ሁሉ ሰው የሚሰበሰበው በእነዚያ ነደባዎች ላይ ነው፤ የሚበላውም በእነዚያ ስፌቶች ነው። ስለዚህ የግድግዳው ዕቃ ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ አይደለም። የአንድ ቤት ዕቃ በደስታና በሐዘን ቀን የብዙ ሴቶች መገልገያ ነው። የእኛ እናቶች ለጊፋታ በቅቤ ዕቁብ ቅቤ ሲያጠራቅሙ የነበሩበትን ነገር አስቡት። ቅቤው ተበልቶ ያልቃልና ሙዚየም ውስጥ ልታስቀምጡት አትችሉም፤ ቅቤው የተጠራቀመበት ዕቃ ግን ይቀራል። ጎብኝ ዕቃውን ያያል፣ ዕቁቡን አያይም።

እናም ሙዚየሙን ያስጎበኙኝን እናት "ይህን ትልቁን ስፌት የሰፋችው ማን ናት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "የሐረሪ ሴት ናት" አሉ። "ስሟስ?" አልኩ። ዝም ብለው ስፌቱን አዩት። ከዚያ "ቤት ውስጥ ቢሆን የማን እንደሆነ እነግርሽ ነበር" አሉኝ።

ሙሉ የጉዞዬን ዋጋ የከፈለልኝ ይህ መልስ ነው። ለምን እንደሆነ ሁለተኛውን ቤት ስነግራችሁ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ቤት ቤተሰብ የሚኖርበት ነው፤ ለጎብኚዎች ክፍል ያከራያሉ፣ ቁርስና ቡና ይሸጣሉ። አሠራሩ ያው ነው፤ ነደባ፣ ስፌት፣ ቀይ ወለል። ልዩነቱ አንድ ሕፃን ጊድር ነደባ ላይ የቤት ሥራ እየሠራ ነበር፣ ቴሌቪዥኑም ክፍት ነው። የቤቱ እመቤት ስፌቶቹን በጣቷ እየጠቆመች "ይሄ የአያቴ፣ ይሄ የእናቴ፣ ይሄን እኔ ልጅ ሆኜ የሰፋሁት ነው፣ ጠማማ ነው አትይው" አለችኝ። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት ስፌቶች ከዚህ ይበልጣሉ፣ ንጹሕም ናቸው። እዚህ ግን ሁሉም ባለቤት አላቸው። ገቢውም የሚገባው ለእሷ ነው፤ ከጀበናው እስከ አንሶላው እሷ ትሠራዋለች፣ እሷ ትቀበላለች።

በሐረር ሌላም የታወቀ የቤት ሙዚየም አለ፤ የአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ። እኚህ ሰው የሐረርን ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የቤት ዕቃዎች ለብዙ ዓመታት ከየሰዉ እጅ ሲሰበስቡ ኖረው መጀመሪያ በገዛ መኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ ከፈቱ። በኋላ ክልሉ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን አሮጌ ቤት ሰጣቸውና ስብስቡ ወደዚያ ተዛወረ። ስለ እሳቸው ብዙ ማውራት ይቻላል፤ ለዛሬ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራው የተጀመረው በጀት ከመገኘቱ በፊት፣ አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ በየቀኑ በሠራው ሥራ ነው። ለጋሾቻችን ፊት ይህን ማለቴ ለገንዘብ ግድ የለንም ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ትልቅ ቤት ሙዚየም ሲሆን ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ሐረር ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የአፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እንዳለ ተቀምጧል። በሌላው ክፍል የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዕቃ በብሔር በብሔር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ተደርድሯል፤ ከሕፃንነት ጀምሮ እስከ ሞት። ይህ አደራደር በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብናገኝ ብንቀዳው ደስ ይለኛል። ግን ቤተ መንግሥት ዘበኛ አለው፣ ዩኒቨርሲቲ አለው፣ በጀት አለው። የእኛ ቤት የሣር ጎጆ ነው።

የሣር ቤት ስለሆነም ከሐረር ድንጋይ ቤት ይልቅ የሚመስለውን ሌላ ቦታ ፈለግኩ። ስለ ቤት ሙዚየሞች ሳነብ ያገኘሁት ጃፓን ውስጥ ነው። ሺራካዋ-ጎ የሚባል በተራራ መካከል ያለ መንደር አለ፤ በረዶ ይበዛበታል። ቤቶቹ ጣሪያቸው እንደ ተጋጠሙ የጸሎት እጆች የቆመ ስለሆነ በዚያው ስም ይጠራሉ። የጣሪያው እንጨት በምስማር ሳይሆን በገመድና በለጋ ቅርንጫፍ የታሰረ ነው፤ ክዳኑ እንደኛው ሣር ነው። መንደሩ እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከቤቶቹ ትልቁ የዋዳ ቤተሰብ ቤት ነው። ቤተሰቡ ዛሬም በአንዱ ወገን ይኖራል፤ ሌላው ወገን ለጎብኚ ክፍት ነው። ድሮ በቆጡ ላይ የሐር ትል ያረቡ ነበር፤ ዛሬ የዚያ ሥራ መሣሪያ በየቦታው ለዕይታ ቀርቧል።

ከዚያ ቤት ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው ክዳኑ ነው። በየ30 እና በየ40 ዓመቱ ጣሪያው ሲለወጥ የመንደሩ ሰው በሙሉ ይወጣል፤ "ዩኢ" ይሉታል፣ እኛ ደቦ የምንለው ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢሞክረው ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ብዙ ሰው ሲወጣ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ሣሩን ማከማቸት ግን የብዙ ጊዜ ሥራ ነው። እኛ ጋ ይህን ያህል ረጅም ዕድሜ ያለው ክዳን አንጠብቅ፤ የእነሱ ክዳን እጅግ ወፍራም ነው። ደግሞም ዛሬ በወላይታ የክዳን ሣር የሚገኝበት መሬት እየታረሰ ስለሄደ ሣር ራሱ ተወድዷል። ቆርቆሮ የሚመርጠውን ሰው ባህሉን ጠላ የምንለው ሣር ገዝተን ስለማናውቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር እሳቱ ነው። በዋዳ ቤት መካከል ላይ ምድጃ አለ፤ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያው ውስጥ ያልፋል። ጢሱ ሣሩን ያደርቃል፣ ተባይ ያባርራል፣ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ያጠነክረዋል። እሳቱ የጠፋበት የሣር ቤት ይበሰብሳል። ይህን ለእናንተ መንገር ለገበሬ ስለ ዝናብ መንገር ነው፤ አያቶቻችን ያውቁታል። ሰው የወጣበት ጎጆ በሁለትና በሦስት ክረምት ምን እንደሚሆን በየመንገዱ አይታችኋል። ምስጥ ከታች፣ ዝናብ ከላይ። ያረፉት እናታችን ቤት ውስጥ ከተቀበሩበት ቀን ጀምሮ እሳት አልነደደም። ባለፈው ወር ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በስተግራ በኩል ክዳኑ ሳስቷል፣ ከውስጥ ሰማይ በነጥብ በነጥብ ይታያል።

እንግዲህ ሙዚየም ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ቤቱን ጠርጎ፣ ዕቃውን ደርድሮ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለዘበኛ መስጠት ነው። የሣር ቤትን የሚገድለው ይሄው ቁልፍ ነው።

"ታዲያ አንድ ሰው ይኑርበታ" ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ግን ማን? እነዚያ ልጆች ቤቱን ሊያፈርሱ ያሰቡት ወድደው አይደለም። ምራቲቱን አነጋግሬያታለሁ። "እትዬ፣ እኔ በዚያ ጢስ ውስጥ ልጅ አላሳድግም። አማቴ ዓይናቸው በጢስ ሲያለቅስ ነው የኖሩት" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጣሪያውን የሚያድነው ጢስ የሴቲቱን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ድሮ ሁለቱንም የተሸከመችው ሴት ናት፤ ማንም አልከፈላትም፣ ማንም አልጻፈላትም። ጎብኚ መጥቶ "እንዴት ደስ ይላል!" ብሎ ፎቶ አንስቶ እንዲሄድ ብለን አንዲትን ሴት ተመልሰሽ ጢስ ውስጥ ኑሪ አንልም። በዚህ ማህበር ስም የሚባል ነገር አይደለም።

እሳቱ ግን ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ መንደድ የለበትም። በሳምንት በተወሰኑ ቀናት፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በሩ ተከፍቶ ቢነድ ቤቱ ይድናል፤ የምታነደውም ሴት ስትጨርስ በቆርቆሮ ቤቷ ገብታ ታርፋለች። ይህ ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ደመወዝ አለው። ስለዚህ ባዘጋጀሁት በጀት ውስጥ "የእሳት ሠራተኛ ደመወዝ" የሚል ተራ ታገኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ሰብሳቢያችን ጋ ሄዳችሁ "ይቺ ልጅ ለእሳት ደመወዝ ትከፍላለች" ብላችሁ እንደሳቃችሁ ሰምቻለሁ። ሳቁ፣ ግን ተራውን አትሰርዙት። ያንን ተራ ከሰረዝን ቀሪው በጀት በሙሉ ለአንድ የሚበሰብስ ነገር የወጣ ገንዘብ ነው።

እሳትን ካነሣሁ አይቀር፣ ቃጠሎም አለ። በሺራካዋ-ጎ በየቤቱ አካባቢ የውሃ መርጫ ተተክሎ በዓመት አንድ ጊዜ መንደሩ በሙሉ አብሮ ይፈትሸዋል። እኛ ያን ያህል አንችልም። ነገር ግን ውሃ የተሞላ በርሜልና ባልዲ ሳይኖር በዚያ ቤት ክብሪት እንዲጫር አልስማማም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ቤቱ ውስጥ ምን እናስቀምጣለን በሚለው ላይ በኮሚቴው የተዘጋጀ ዝርዝር አለ፤ የእንሰት መፋቂያ፣ የወተት ዕቃ፣ እንስራ፣ ጀበና፣ ምንጣፍ፣ ዱንጉዛ። ዝርዝሩ ጥሩ ነው። አንድ ዓምድ ግን ጎድሎታል፤ የሠሪዋ ስም።

ይህን የምለው ሐረር ስፌቱ ፊት ቆሜ ስለጠየቅሁ ብቻ አይደለም። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ዕቃዎች ግማሽ ያህሉ ሸክላ ነው። ሸክላ የሚሠሩ አባሎች አሉን፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። ሁላችንም በእነሱ እንስራ ውሃ ጠጥተን፣ በእነሱ ምጣድ የተጋገረ በልተን አድገናል። ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ጋር መጋባት ቀርቶ አብሮ ማዕድ መቅረብ የማይታሰብባቸው ቤቶች ግን ነበሩ፤ ዛሬም ጨርሶ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። እንስራውን በክብር መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን፣ መብራት አብርተንለት፣ "የወላይታ ባህላዊ ሸክላ" ብለን ጽፈን፣ የሠራችውን እናት ግን ከደጅ የምናቆም ከሆነ እኔ ያንን ሙዚየም አልፈልገውም። ስሟ ይጻፍ። ቀበሌዋ ይጻፍ። ጭቃውን ከየት እንዳመጣችው፣ ለስንት ቀን እንደሠራችው፣ ስንት እንደሸጠችው ይጻፍ። ማህበሩም ዕቃውን ሲወስድ በገበያ ዋጋ ይክፈላት። ስጦታ ከሰጠችን እሰየው፣ ግን የምትሰጠው ከፍለን ከጨረስን በኋላ ይሁን።

ቆጮም እንዲሁ። እንሰት ተፍቆ ጉድጓድ ገብቶ እስኪቦካ ድረስ ያለውን ሥራ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መፋቂያውን ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል ነው፤ ጎብኚ ግን ከጣውላው ፊት ተቀምጦ እግሩን ዘርግቶ ለአንድ ሰዓት ካልፋቀ ምን እንዳየ አይገባውም። ለጋሾቻችን ፈቃደኛ ከሆናችሁ ዛሬ ከምሳ በኋላ ጓሮ ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። አስተማሪ ተዘጋጅታለች፣ ልብስ ግን አናቀርብም።

አሁን ቁጥሩ። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ስላለ ሁሉንም አላነበውም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ወረቀቱን ስታዩ ዓይናችሁን ከመጀመሪያው ተራ ወደ ታች አውርዱት። ቤቱን ለመረከብና ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ከላይ ተጽፏል፤ ሁላችንም ስንከራከር የነበረው በእሱ ላይ ነው። ትልቁ ወጪ ግን እሱ አይደለም። በግምቴ በአምስት ዓመት ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ቤቱን ለማቆየት የሚወጣ ነው፤ እሳት፣ ሣር፣ ዘበኛ፣ የሚያስጎበኝ ሰው። ሕንፃ ስንገዛ በመዝገብ ላይ ቋሚ ንብረት ብለን እናሰፍረዋለን። ስለ ሣር ቤት ያንን ቃል ስጽፍ እጄ ያቅማማል። በየዓመቱ ካልሠሩት የማይቆም ነገር ነው።

ገቢውን በተመለከተ ለጎብኚ መግቢያ ዋጋ ብዙ ተስፋ አልሰጣችሁም። ወደ አርባ ምንጭ የሚያልፈው መንገደኛ በሶዶ በኩል ነው የሚሄደው፤ አብዛኛው ግን ምሳ በልቶ ይሄዳል። የሐረሯ ሴት የምትኖረው ከመግቢያ ትኬት ሳይሆን ከአልጋ፣ ከቁርስና ከቡና ነው። እኛም ተስፋ የምናደርገው በምንሸጠው ነገር ላይ ነው፤ ሸክላው፣ ምንጣፉ፣ ቡላው፣ ቡናው፣ በጊፋታ ሰሞን ደግሞ ሙሉ ምግቡ። በወረቀቱ ላይ ገቢውን ዝቅ አድርጌ የገመትኩት ሆን ብዬ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ቤቱን አንግዛ። ከቤተሰቡ ጋር በጽሑፍ ተዋውለን ለሦስት ዓመት እንከራየው፤ ኪራዩ ለቆርቆሮ ቤታቸው ይረዳቸዋል። የእሳቱን ሥራ ለምራቲቱ እናቅርብላት፤ እሷ ካልፈለገች ለሌላ። ክዳኑን ከመጪው ክረምት በፊት በደቦ እንክደን፤ ለደቦው ምግብ የሚወጣውን በበጀቱ አስገብቼዋለሁ። የወፍጮው ቁጠባ አይነካም፤ ከዓመቱ ትርፍ አንድ አራተኛውን ብቻ ለቤቱ እንመድብ፣ ቀሪውን ከለጋሾቻችን እንጠይቅ። ለጋሾቻችን ስትሰጡን ደግሞ ለጥገና ብቻ ሳይሆን ለደመወዝም የሚሆን ብትሰጡን እንመርጣለን። የአንድ ጊዜ ጥገና ተመርቆ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶውም ያምራል፤ የሁለተኛውን ዓመት እሳት ግን አያነድም።

ጉባኤው የእሳቱንና የሠሪዎቹን ክፍያ ሰርዞ ቤቱን ብቻ እናስቀምጥ የሚል ከሆነ እኔ ድምፄን ለወፍጮው እሰጣለሁ። ልጆቹም ቤታቸውን በሰላም ያፍርሱ፣ እንጨቱንም ለአዲሱ ቤታቸው ይጠቀሙበት። ከመፍረሱ በፊት ግን በውስጡ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ፣ ከነሠሪው ስም ለመመዝገብ ሁለት ቀን ስጡኝ።

የበጀቱ ወረቀት ያልደረሳችሁ በበሩ በኩል ከተቀመጠችው ገንዘብ ያዣችን ውሰዱ። ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ እናቶች በወላይትኛ የምታስረዳ ልጅ በእያንዳንዱ ረድፍ ተመድባለች። ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ጥያቄ ያላችሁ እኔ ቡናው ጋ ነኝ።